ልጁ ጁሪ ፊት ዝም ሊል ነው፤ እናቱን ምን ልበላት?

ሰላም ለሁላችሁም። የምጽፈው ከአዳማ ነው። ሕግ የምታውቁ፣ አሜሪካ ፍርድ ቤት የቆማችሁ ወይም ጁሪ ሆናችሁ የተቀመጣችሁ ካላችሁ እርዱን።

የአክስቴ ልጅ ሜሪላንድ ይኖራል። ግሪን ካርድ አለው። ሰው ደብድበሃል ተብሎ ታስሯል። እሱ አላደረግኩም ይላል። ጉዳዩን የሚያየው ጁሪ ነው፤ ከሕዝብ ተመርጠው የሚፈርዱ ተራ ሰዎች ማለት ነው። ቀኑም ቀርቧል። ባለፈው ሳምንት ጠበቃው ቀርበህ ባትመሰክር ይሻላል ብሎ እንደመከረው ሰማን። አክስቴ ይህን ከሰማች ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም።

ለሷ ነገሩ ግልጽ ነው። ንፁህ ሰው ይቆማል፣ ይምላል፣ የሆነውን ይናገራል። ዝም ያለ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው። በዚያ ላይ በስልክ ሲያገኛት ምን እንደተፈጠረ ትጠይቀዋለች። እሱ ግን «እማዬ፣ እሱን ተዪው፣ ሌላ እናውራ» ይላታል። ለሁለተኛ ጊዜ እንዲህ ካላት በኋላ ብቻዋን ስታለቅስ ደረስኩባት። «ልጄ አድርጎታል ማለት ነው» አለችኝ።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ጁሪ ፊት የቀረበ ተከሳሽ ምን ይጠብቀዋል? ዝም ካለስ ይፈረድበታል?

ከዚህ በታች ያለው በኋላ የተጨመረ ነው። ጥያቄውን ከጠየቅኩ በኋላ እስከ እሁድ ማታ 24 መልስ መጣ። ክሩ ረዘመ፤ ሁለት መልሶችም በስድብ ምክንያት ተነሱ። ዘግይታችሁ የገባችሁ ከየት እንጀምር ስላላችሁኝ፣ ለአክስቴ ቡና ላይ እንደነገርኳት አድርጌ የእያንዳንዱን ፍሬ ነገር በራሴ አነጋገር አስቀምጣለሁ።

መልስ 1። ጸሎት ነው። እግዚአብሔር ያውጣው ብሎ፣ ጠበቃውን ስሙት ብሎ አለፈ። ምክንያቱን አልጻፈም።

መልስ 2። እዚሁ አዳማ ጥብቅና የሚሠራ ሰው ነው። ትህትናው ደስ ይላል፤ አክስቴን እናታችን እያለ ነው የጻፈው። መጀመሪያ ያስረዳው ልዩነቱን ነው። እኛ አገር ጁሪ የለም። ማስረጃውን የሚመዝነውም፣ ሕጉን የሚተረጉመውም፣ ቅጣቱን የሚወስነውም ዳኛ ነው። እዚያ ግን ሥራው ተከፍሏል። ዳኛው ችሎቱን ይመራል፣ ሕጉን ያስረዳል። አድርጓል ወይስ አላደረገም የሚለውን ግን 12 ተራ ሰዎች ይወስናሉ። ከዚህ በቀር ቅደም ተከተሉ ለኛ ያን ያህል እንግዳ አይደለም ብሏል። ተከሳሹ የእምነት ክህደት ቃሉን ይሰጣል። ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹን ያሰማል። የተከሳሹ ጠበቃ መስቀለኛ ጥያቄ ያቀርብላቸዋል። የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ክሱን ካላስረዳ ተከሳሹ ይከላከል ሳይባል በነፃ ይሰናበታል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕጋችን በአንቀጽ 141 የሚለው ይህንኑ ነው። እዚያም ጠበቃው ያንኑ ጥያቄ ለዳኛው ያቀርባል። የኛን ሕግ ያረቀቁት እንግሊዛዊው ሰር ቻርልስ ማቲው ስለሆኑ መመሳሰሉ አይገርምም።

መጨረሻ ላይ ያነሳት ነገር ናት እኔን የያዘችኝ። አክስቴን ያስጨነቃት መብት እኛም ዘንድ አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ተከሳሽ እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም፣ እንዲመሰክርም አይገደድም ይላል። ልጇ አዳማ ቢከሰስም መብቱ ያው ነበር። ይህን ስነግራት ሲኒዋን አስቀምጣ «እዚህም?» አለች።

መልስ 3። ይሄንን ረጋ ብላችሁ አንብቡት። የጻፈው ሜሪላንድ ውስጥ ዜግነት አግኝቶ ጁሪ ሆኖ የተቀመጠ ሐበሻ ነው። ደብዳቤው ቤቱ ድረስ መጣለት። ስም የሚወጣው ከመራጮችና ከመንጃ ፈቃድ ዝርዝር ነው። በቀጠሮው ቀን ብዙ ሰው አዳራሽ ውስጥ ተቀመጠ። ዳኛው በተራ ጠየቁ። ተከሳሹን የምታውቁ? ቤተሰባችሁ ውስጥ ፖሊስ ያላችሁ? እንዲህ ዓይነት ወንጀል የተፈጸመባችሁ? ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ የአክስቴ ጥያቄ ነበር። ተከሳሹ ሳይናገር ቢቀር ይከብዳችኋል? አንዲት አሮጊት እጃቸውን አወጡ። እኔን ይከብደኛል፣ ሰው ንፁህ ከሆነ መናገር አለበት ብዬ ነው ያደግኩት አሉ። ዳኛው ምንም ሳይቆጧቸው አመስግነው አሰናበቷቸው።

ክርክሩ ሦስት ቀን ፈጀ። ሦስቱንም ቀን ተከሳሹ አንድ ቃል አልተናገረም። እጁን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። አልፎ አልፎ ለጠበቃው ቢጫ ወረቀት ላይ ይጽፍለታል። አሥራ ሁለቱ በር ተዘግቶባቸው ሲመክሩ አንድ ሰው ለምን አልተናገረም ብሎ አነሳ። ሰብሳቢዋ ምንም አልተከራከረችም። ዳኛው የሰጧቸውን የመመሪያ ወረቀት ገልጣ ያንን አንቀጽ አነበበች። ተከሳሹ ያለመመስከር መብት አለው፣ ዝምታውን ለምንም ነገር አትቁጠሩት ይላል። ሰውየው እሺ ብሎ ወደ ማስረጃው ተመለሰ። በሁለተኛው ቀን 12ቱም ተስማምተው ጥፋተኛ አይደለም አሉ። የአክስቴ ልጅም እንዲሁ ይሆንለታል ማለት እንዳልሆነ ጸሐፊው አስጠንቅቋል። እነሱ ሰውየው እንዳላደረገው አውቀው አይደለም የለቀቁት። ዐቃቤ ሕጉ ያመጣው ስላልበቃቸው ነው።

አክስቴ ስለ አሮጊቷ ደግሜ እንድነግራት ጠየቀችኝ። እንደሷ የሚያስቡ ሰዎች እዚያም እንዳሉ፣ ግን አስቀድመው ተጠይቀው እንደሚለዩ ስታውቅ ፊቷ ትንሽ ተፈታ።

መልስ 4። ተከሳሹ ሳይናገር ቢቀር ይከብዳችኋል የሚለው ጥያቄ እዚያ ፍርድ ቤት በዳኛ ፈቃድ ብቻ የሚነሳ እንዳልሆነ የጨመረ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የሜሪላንድ ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ የተከሳሹ ወገን ከጠየቀ ዳኛው ይህን ጥያቄ ማንሳት ግዴታው ነው ብሎ ወስኗል። ጠበቃው መጠየቁን አረጋግጡ ብሏል። ለልጁ መልእክት ልከንበታል።

መልስ 5። አንዱ ስንት ሰው ከተስማማ ነው የሚፈረድበት አለ። ሰባት ለአምስት ቢሆንስ?

መልስ 6። ሁሉም መስማማት አለባቸው። በ2020 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከባድ ወንጀልን በተመለከተ ይህ በሁሉም ግዛት ይሠራል ብሎ ወስኗል። አንድ ሰው እንኳ እምቢ ካለ ውሳኔ የለም፤ ዐቃቤ ሕግ ከፈለገ በሌላ ጁሪ እንደ አዲስ ይጀምራል።

መልስ 7። እዚህ ላይ ነገሩ ከረረ። ጸሐፊው አክስቴ ልክ ናት አለ። ንፁህ ሰው አይሸሸግም፣ ጠበቆች ወንጀለኛ የሚያስመልጡበት ዘዴ ነው አለ። የተደበደበው ሰውም እናት እንዳለው አስታወሰን። የመጨረሻዋ ነገር እውነት ናት፤ እኔም እነሱን አልረሳሁም። የፊተኛው ግን አናደደኝ። ልጁን አያውቀውም። ማስረጃውንም አላየም።

መልስ 8። ለ7 የተሰጠ ስድብ ነበር። አስተዳዳሪው አነሳው።

መልስ 9። የአዳማው ጠበቃ ተመለሰ። ድምፁ በፊት ከነበረው ጠንከር ብሏል። ካፍ የወጣ አፋፍ የምንለው እኛው አይደለንም ወይ አለ። ከዚያ እኔ ያላሰብኩትን ልዩነት አመጣ። እኛ አገር ተከሳሽ የተከሳሽነት ቃሉን ሲሰጥ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 142 መሠረት መስቀለኛ ጥያቄ አይቀርብለትም። ዳኛው ብቻ ግልጽ ያልሆነውን ይጠይቀዋል። አሜሪካ እንዲህ ያለ መሀል መንገድ የለም። ልናገር ካለ ወጥቶ ይምላል፣ እንደማንኛውም ምስክር ይቆጠራል፣ ዐቃቤ ሕጉም እንደፈለገ ይጠይቀዋል። ከዚህ በፊት የተፈረደበት ነገር ካለም ቃሉ እንዳይታመን ተብሎ ሊነሳበት ይችላል። ዝም ካለ ግን ዐቃቤ ሕጉ ለጁሪው ለምን አልተናገረም ማለት እንኳ አይፈቀድለትም። ይህ በ1965 እ.ኤ.አ. በጠቅላይ ፍርድ ቤት የተወሰነ ነው። የመጨረሻው ውሳኔ ደግሞ የጠበቃው ሳይሆን የልጁ የራሱ ነው። እመሰክራለሁ ካለ ጠበቃው ሊከለክለው አይችልም።

መልስ 10። የመልስ 3 ጸሐፊ አንድ ነገር ጨመረ፤ እኔ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ይሄ ነው። እኛ ታላቅ ሰው ፊት ስንቆም ዐይናችንን መሬት እንጥላለን። አስተዳደጋችን ነው። እዚያ ግን ዐይን ለዐይን የማያይ ሰው የሚዋሽ የሚመስላቸው አሉ። ልጁ ደግሞ ከድሮም አንገት ደፊ ነው። ሰርግ ላይ እንኳ ፎቶ ሲነሳ ወደ ካሜራው አያይም።

መልስ 11። አንድ አዛውንት ናቸው። ጁሪ የምትሉት የኛው አውጫጭኝ ነው አሉ። አባታቸው ያዩትን ጻፉ። ከብት ይጠፋል። ያገሩ ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ሌባው እስኪታወቅ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ያየህ፣ የሰማህ እየተባለ ሁሉም በተራ ይጠየቃል። አፈርሳታም ይሉታል። ዝናብ እየደበደባቸው፣ ሞፈር ቆሞ፣ ቀኑ ይመሻል። እሳቸው ሲጽፉት ሜዳው ይታያል።

መልስ 12። አባባ ብሎ በአክብሮት ያረማቸው የሕግ ተማሪ ነው። አውጫጭኝ ወንጀለኛውን የሚፈልግ ነው፤ ጁሪ ግን አስቀድሞ የተከሰሰን ሰው ማስረጃ ይመዝናል። ዋናው ልዩነት ደግሞ ሌላ ነው። አውጫጭኝ ላይ የሚፈለገው የሚያውቅ ሰው ነው። ዛሬ ጁሪ ላይ የሚያውቅ ሰው ይሰናበታል። ይሁን እንጂ አዛውንቱ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም አለ። የድሮ እንግሊዝ ጁሪዎች ጎረቤት ነበሩ፤ የሚመረጡትም ነገሩን ስለሚያውቁ ነበር። ቆይቶ ነው የተገለበጠው።

መልስ 13። አዛውንቱ ተመለሱ። አልተቀየሙም። ከሳሽና ተከሳሽ ኩታቸው ተቋጥሮ በቁራኛ ዳኛ ፍለጋ ይሄዱ የነበረበትን ዘመን አነሱ። መንገድ ላይ ያገኙት ሰው ዳኛ ይሆናቸዋል። ሕዝብ ቆሞ ይሰማል። በላ ልበልሃ የሚባለው ሙግት ላይ ዝም ያለ ተረታ ማለት ነበር። እኔ እዚህ ላይ ነው የአክስቴ ጭንቀት ከየት እንደመጣ የገባኝ። እኛ ዘንድ መብት የሚወጣው በአንደበት ነበር። አንደበት የሌለው ሰው ሙግት አይገጥምም፤ ነገር አዋቂ ይወክላል እንጂ። የአክስቴ አባት ደግሞ ተሟጋች ነበሩ። ይህን ስነግራት ራሷን ነቀነቀች።

መልስ 14። ታዲያ እኛስ አገር ጁሪ ለምን አይኖርም አለ። ሕዝብ ቢፈርድ ይሻላል፣ ቀጠሮ አይበዛም ነበር ብሎ ተናደደ። ዘመዱ መዝገቡ ሳይዘጋ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ በዝርዝር ጽፏል። የት ፍርድ ቤት እንደሆነ አልጠቅስም።

መልስ 15። ለ14 ነው። የሕግ ተማሪው ሕዝብ ሙሉ በሙሉ ከፍርድ የራቀበት ጊዜ አልነበረም አለ። የ1954ቱ ሕግ አጥቢያ ዳኛ ከሁለት ሰዎች ጋር ተቀምጦ ስድብንና ቀላል ድብደባን እንዲያይ፣ እስከ 15 ብር ድረስም እንዲቀጣ ፈቅዶ ነበር። ጁሪ ግን የራሱ ጉድለት አለው። ምክንያቱን አይጽፍም። ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም፤ አለቀ። የኛ ዳኛ ማስረጃውን ለምን እንደተቀበለና ለምን እንደጣለ በፍርዱ ላይ መጻፍ አለበት። ተከሳሽ ይግባኝ ሲል የሚይዘው እሱን ነው። በግሌ ይህ ክርክር አሳምኖኛል። ሰው ሲፈረድበት ለምን እንደሆነ ማወቅ አለበት።

መልስ 16። አዳማ ፍርድ ቤቶች አካባቢ በአስተርጓሚነት የሠራች ሴት ናት። የችሎቱ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። የማይችል ተከሳሽ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መሠረት በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይቆምለታል። አንድ ጊዜ ያስተረጎመችለት ወጣት ክሱ ተነቦ ድርጊቱን ፈጽመሃል ወይ ሲባል አዎ አለ። ጥያቄው የገባው በቦታው ነበርክ ወይ ተብሎ ነበር። ፊቱን አይታ ተጠራጠረች፤ ዳኛውን አስፈቅዳ ደግማ ጠየቀችው። ሰውየው ደንግጦ ኧረ አልነካሁትም አለ። በዚያች አንዲት አዎ ሊፈረድበት ይችል ነበር። የአክስቴ ልጅ እንግሊዝኛው ለሥራ ቢበቃውም ለችሎት አይበቃ ይሆናልና አስተርጓሚ ይጠይቅ፣ ማፈር የለበትም አለች። እህቴ፣ እግዜር ይስጥሽ።

መልስ 17 እና 18። ስለ አዳማ ሙቀትና ስለ ችሎት አግዳሚ ወንበር ነው። ከዚያ ወደ ባጃጅ ዋጋ ሄዱ። አስተዳዳሪው ወደ ርእሱ መለሳቸው።

መልስ 19። ከለንደን የተጻፈ ነው። በትህትና ጀምሮ ግን ሁላችንንም ገሠጸ። ጁሪ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 10 ለ 2 ይበቃል። ስኮትላንድ 15 ሆነው ሲቀመጡ ኖረዋል። ዝምታንም በተመለከተ ከ1994ቱ ሕግ በኋላ የእንግሊዝ ጁሪ ተከሳሽ አለመመስከሩን ሊቆጥርበት ይችላል፤ በዝምታው ብቻ ግን ሊፈርድበት አይችልም። ስለዚህ እዚህ የተባለውን ይዛችሁ ለንደን ላለ ዘመዳችሁ እንዳትነግሩ አለ። መልስ 7ን የጻፈው ሰው ይህን እንደ ድል ቆጥሮ ተመለሰ፤ ያ ነው መልስ 20፣ እሱም ተነሳ።

መልስ 21። ኢሚግሬሽን ላይ የምትሠራ ሴት ናት። ግሪን ካርድ የሚለውን ቃል አይታ ነው የገባችው። አብዛኛው ጉዳይ ጁሪ ጋ አይደርስም። በፌደራል ፍርድ ቤቶች በ2022 እ.ኤ.አ. ለክርክር የቀረቡት ተከሳሾች ከመቶ 3 እንኳ አይሞሉም፤ የሚበዙት አምነው ነው የጨረሱት። ልጁም እስከ መጨረሻዋ ቀን ጥፋቱን እመንና ቅጣቱ ይቀነስልህ ሊባል ይችላል። አጭር ቅጣት ስለሆነ ብቻ እንዳይፈርም። ማመኑ ከአገር ሊያስባርረው ይችላል። ይህን ለተከሳሹ መንገር የጠበቃው ግዴታ እንደሆነ በ2010 እ.ኤ.አ. ተወስኗል። ካልነገረው ልጁ ራሱ ይጠይቅ።

መልስ 22። አራት መስመር ብቻ ናት። ጸሐፊው ራሱ እዚያ ታስሮ የነበረ ሰው ነው። ከእስር ቤት የሚደወል ስልክ ይቀዳል። ዐቃቤ ሕግ ያዳምጠዋል። ለእናት የተነገረውም ችሎት ላይ ይሰማል። በአማርኛ ቢወራም ይተረጎማል።

አንብቤ ስጨርስ ወደ አክስቴ ቤት ሮጥኩ ማለት እችላለሁ። እንጀራ እየጋገረች ነበር። ልጁ ተዪው የሚላት አድርጎት አይደለም፣ ስልኩ ስለሚቀዳ ነው አልኳት። አክንባሎውን እንደያዘች ቆመች። እንጀራው አረረ። «እኔ ነኛ ላስፈርድበት የነበርኩት» አለች። ከዚያ አለቀሰች፤ ያሁኑ ለቅሶ ግን ሌላ ነበር።

መልስ 23። የአዳማው ጠበቃ ነው። ጥፋተኛ አይደለም ከተባለ ነገሩ እዚያው ያበቃል አለ። እኛ አገር ዐቃቤ ሕግ በነፃ መሰናበት ላይ ይግባኝ ማለት ይችላል። እዚያ አይችልም። ከተፈረደበት ደግሞ ይግባኝ የሚለው ልጁ ነው። ስለ ልብስም ጨመረ። ተከሳሽ የእስረኛ ልብስ ለብሶ ጁሪ ፊት እንዲቀርብ አይገደድም፤ ይህም በ1976 እ.ኤ.አ. ተወስኗል። ቤተሰብ ለጠበቃው ሸሚዝና ሱሪ ይስጥ አለ።

መልስ 24። ሜሪላንድ የምትኖር እናት ናት። ችሎቱ ለማንም ክፍት ስለሆነ ቀኑንና ቦታውን በውስጥ መስመር ላኪልኝ አለች። ከልጁ ኋላ ትቀመጣለች። አታውቀውም። ሰው አለው እንዲባል ብቻ ነው። አክስቴ ይህን ስትሰማ ስሟን ጠየቀችኝ፤ ለጸሎት ነው።

ትናንት ልጁ ደወለ። አክስቴ ስለ ጉዳዩ አንድም ቃል አልጠየቀችውም። በግቢው ስላለው ፓፓዬ አወራችው። ከዚያ የአንገቱን ልክ ጠየቀችው። 15 ተኩል አላት። ሸሚዙ ነጭ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ከገበያ ገዛነው። ከነገ ወዲያ የሚሄድ ሰው ይዞለት ይሄዳል። አሁን አክስቴ አዲስ ሸሚዝ ያሳክካል ብላ አጥባ እየተኮሰችው ነው።